ርካሽ ትኬት፣ የከሰረ አየር መንገድ

ህንድ ለአርባ ዓመታት ያህል የአገር ውስጥ በረራዋን ለአንድ የመንግሥት ድርጅት ሰጥታ ኖራለች። በ1953 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በወጣ ሕግ የግል አየር መንገዶች ተወረሱና ኢንዲያን ኤርላይንስ ብቻውን ቀረ። ሕጉ የተሻረው በ1994 ነው። በዚያ ሰሞን ወደ ገበያው ከገቡት የግል ድርጅቶች መካከል ኢስት ዌስት፣ ዳማኒያና ሞዲሉፍት አሥርት ዓመቱ ሳያልቅ ከሰማይ ጠፉ።

በ2003 ጎፒናት የተባሉ ጡረተኛ የጦር መኮንን ኤር ዴካንን አቋቋሙ። ነፃ ምግብ የለም፤ ትኬቱ ግን የባቡር ተሳፋሪውን እስከ መሳብ ረከሰ። በአንድ ሩፒ የተሸጠ ወንበርም ነበር። ተሳፋሪው ተደሰተ፣ ድርጅቱ ከሰረ። ኤር ዴካንን የጠቀለለው ኪንግፊሸር በ2012 መብረር አቆመ፤ ጄት ኤርዌይስ በ2019፣ ጎ ፈርስት ደግሞ በ2023 ተከተሉት።

እየከሰሩ ለምን ዋጋ ይቀንሳሉ? አውሮፕላን እንደ ሚኒባስ ታክሲ እስኪሞላ ቆሞ አይጠራም። ሰዓቱ ሲደርስ ይነሳል፤ ባዶ የሄደ ወንበር ነገ አይሸጥም። ስለዚህ አንዱ ዋጋ ሲሰብር ሌላው ዝም ብሎ ማየት አይችልም። ወጪው ግን አብሮ አይወርድም። የአውሮፕላን ኪራይና መለዋወጫ በዶላር ይከፈላል፤ ገቢው ሩፒ ነው። በነዳጁ ላይ ደግሞ ክፍለ ግዛቶቹ የየራሳቸውን ግብር ይጭናሉ።

በዚህ ላይ አንድ እንግዳ ደንብ ነበር። አዲስ አየር መንገድ አምስት ዓመት አገር ውስጥ ካልበረረና ሃያ አውሮፕላን ከሌለው ወደ ውጭ መብረር አይችልም። ጀማሪው የተሻለ ትርፍ ከሚገኝበት መስመር ተከልክሎ፣ ነባሮቹ ራሳቸው በሚደሙበት ገበያ ውስጥ ይቆለፋል ማለት ነው። የአምስት ዓመቱ ግዴታ የተነሳው በ2016 ነው። ለእኔ ይህ ደንብ የነባሮቹ አጥር እንጂ ሌላ አልነበረም።

ከዚህ ሁሉ መሃል ያተረፈው ኢንዲጎ ነው። በ2006 መብረር ሳይጀምር በፊት፣ በ2005፣ መቶ ኤርባስ አዘዘ፤ በብዛት የሚገዛ ደግሞ በዋጋ ይደራደራል። ለዓመታት የተጠቀመው በአንድ ዓይነት አውሮፕላን ብቻ ስለነበር አብራሪው፣ መካኒኩም ሆነ መለዋወጫው ለሁሉም ያገለግል ነበር። ዛሬ ከአገር ውስጥ ተሳፋሪው ከ60 በመቶ በላይ የሚጓዘው በእሱ ነው። በ2022 ወደ ቀድሞ ባለቤቱ ወደ ታታ ኩባንያ የተመለሰው ኤር ኢንዲያ ቪስታራ የተባለውን አየር መንገድ በ2024 ሲጠቀልል፣ ሁለቱ ቡድኖች ከአሥር ተሳፋሪ ዘጠኝ ገደማውን ያዙ።

ዛሬ ለሦስተኛ ተወዳዳሪ ፈቃድ ማግኘት ቀላሉ ነገር ነው። በተጨናነቀው የሙምባይ አውሮፕላን ማረፊያ ሰው የሚፈልገው የጠዋትና የማታ የመነሻና የማረፊያ ሰዓት ግን በአብዛኛው በነባሮቹ እጅ ነው። ህንድ እውነተኛ ፉክክር ከፈለገች መጀመር ያለባት ከእነዚህ ሰዓቶች ክፍፍልና ከነዳጅ ግብሩ ነው።