የግማሽ ቀን ሥራ ሒሳብ በመቂ

ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ግድም ላይ የምትገኘው መቂ የቲማቲምና የሽንኩርት ከተማ ናት። ከመቂ ወንዝ፣ ከዝዋይ ሐይቅና ከጉድጓድ በፓምፕ በሚሳብ ውሃ የሚለማው አትክልት በአይሱዙ እየተጫነ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ይሄዳል። ይህ ገበያ ከመሬትና ከውሃ ሌላ ብዙ ጉልበት ይፈልጋል። የጉልበቱ ከፊል የሚገኘው ከተማሪዎች ነው።

ቲማቲም እንደ እህል በጎተራ አይከርምም። ከተተከለ ሦስት ወር ገደማ ሲሆነው መብሰል ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ በየጥቂት ቀኑ እየተመላለሱ መልቀም፣ መለየትና በሣጥን መሙላት ግድ ነው። ስለሆነም አምራቹ ዓመቱን ሙሉ ሠራተኛ ቀጥሮ ከማስቀመጥ ይልቅ በሚፈልግበት ዕለት ብቻ የሚሠራለትን ይመርጣል። በፈረቃ የሚማር ተማሪ ደግሞ ግማሽ ቀን ነፃ ነው።

የመጀመሪያው ጥቅም ገንዘብ ነው። የደብተርና የዩኒፎርም፣ ከገጠር መጥቶ ለሚማረው ደግሞ የቤት ኪራይ ወጪ ከወላጅ ትከሻ ላይ ይቀልላል። ሁለተኛው ዕውቀት ነው። በአንድ ቀን የብዙ ማሳ ምርት ሲደርስ ዋጋ እንዴት እንደሚወድቅ፣ ጾም ሲገባ የአትክልት ፈላጊ እንዴት እንደሚበዛ፣ በአምራቹና በነጋዴው መካከል የቆመው ደላላ ምን እንደሚያገኝ ተማሪው በዓይኑ ያያል። አንዱ መሬት፣ ሌላው ዘር፣ ማዳበሪያና ነዳጅ አቅርበው ምርቱን የሚካፈሉበትን የእኩል እርሻ ወጪና ገቢ ማስላትም ይማራል። ነገ በራሱ ልሥራ ቢል ይህ ዕውቀት እንደ መነሻ ካፒታል ነው።

አደጋው ያለው ከሰዓቱ ላይ ነው። ለምሳሌ በግማሽ ቀን 150 ብር ይከፈላል እንበል። በሳምንት ሦስት ግማሽ ቀን የሚሠራ ተማሪ 450 ብር ያገኛል። ትምህርቱን ትቶ ስድስት ሙሉ ቀን የሚሠራው 1,800 ብር ይይዛል። የ1,350 ብር ልዩነት ያጓጓል። ነገር ግን ዋጋ ሲወድቅ ለቀማው ወጪውን አይመልስምና ምርቱ ማሳ ላይ ይቀራል፤ የቀን ሠራተኛውም በዚያው ሥራ ይፈታል። የመስኖ ምርት የሚበዛበት በጋ ደግሞ ትምህርት የሚጠብቅበት ጊዜ ነው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎች በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ100 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ፈተናው እንዲህ በጠበቀበት ጊዜ የቀረ ክፍል የሚያስከፍለው ዋጋ ከቀን ምንዳው ጋር ተቀናንሶ አይታይም።

ሕጉም ገደብ አለው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይቀጠር ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለው ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሊሠራ አይችልም።

እንግዲህ ሥራው የሚያዋጣው የትምህርት ፈረቃውን ሳይነካ፣ ክፍያው አስቀድሞ ተነጋግሮ፣ ፈተና ሲቃረብ የሚቆም ሲሆን ነው። የሣጥን ቆጠራና የሒሳብ መዝገብ መያዝ ያገኘ ተማሪ ደግሞ በክፍል የተማረውን ራሱን ሸጦ ይጠቀማል።