ዋጋው ከወጣ በኋላ «ለምን ቆረጣችሁ?» ማለት ቀላል ነው

ዛሬ ከዕለቱ ዋጋ ትንሽ ወጣ ብለን ስለ ፖከር እናወራለን። ቁማር ልናስተምር አይደለም፣ አትደንግጡ።

አንዱ ሁለት አስ፣ ሌላው ሁለት ንጉሥ ይዘው ጠረጴዛው ላይ ገና ካርታ ሳይገለጥ ገንዘባቸውን በሙሉ አስገቡ እንበል። አስ የያዘው የማሸነፍ ዕድሉ 82 በመቶ ገደማ ነው። ከ100 ጊዜ 18ቱን ያህል ይሸነፋል ማለት ነው። በተሸነፈበት ቀን ታዲያ ተሳስቷል? በፍጹም። ያንኑ ጨዋታ ሺህ ጊዜ ቢደግመው አትራፊ ነው። ውሳኔን በውጤቱ ብቻ መፍረድን የፖከር ሰዎች «ሪዘልቲንግ» ይሉታል። የቀድሞዋ ተጫዋች አኒ ዱክ በ2018 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመችው መጽሐፍ ይህንኑ በሰፊው ጽፋበታለች።

ወደ ቡናችን እንምጣ። ኒውዮርክ በፓውንድ 3 ዶላር ላይ ነው እንበል። የአንድ ዩኒየን ሥራ አስኪያጅ ባለው መረጃ ሲገምት፣ ወደ 2.60 የመውረድ ዕድሉ 60 በመቶ፣ ወደ 3.30 የመውጣት ዕድሉ 40 በመቶ ሆነበት። ቢጠብቅ በአማካይ የሚያገኘው (0.60 × 2.60) + (0.40 × 3.30) = 2.88 ዶላር ነው። እጁ ላይ ካለው 3 ዶላር በ12 ሳንቲም ያንሳል። ስለዚህ ዋጋውን ቆረጠ። ከወር በኋላ ገበያው 3.30 ገባ!

ጉባኤው ላይ ምን እንደሚባል ታውቁታላችሁ፦ «30 ሳንቲም አስበላን!» እንዲህ የተገመገመ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ደፍሮ አይቆርጥም። ይጠብቃል። ያ ዓመት ደግሞ 2.60 የሚመጣበት ሊሆን ይችላል። የእሸቱ ሂሳብ ተከፍሎ አልቋል፣ የባንኩ ወለድ ግን ይቆጥራል።

የተገላቢጦሹም አለ። በ2024 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ከ2 ዶላር በታች የነበረው አረቢካ በፌብሩዋሪ 2025 ከ4 ዶላር አልፎ ሄደ። ያኔ ቡናውን ይዞ የቆየ ሁሉ «ገበያ አዋቂ» ተባለ። አንዳንዱ በእርግጥ የብራዚልን ድርቅ ሲከታተል የከረመ ነው። ሌላው ግን ድሮም ይጠብቃል፣ ዛሬም ይጠብቃል፤ ገበያው ነው የመጣለት።

አንድ ልዩነት አለ። በፖከር 52 ካርታ ነው፣ ዕድሉ ይሰላል። በቡና ግን ያ 60 በመቶ የሰው ግምት ነው፣ ራሱም ሊሳሳት ይችላል። «ውሳኔዬ ትክክል ነበር፣ ዕድሌ ነው» የሚለው ለከሳሪ ሁሉ መደበቂያ እንዳይሆን ግምቱ ቀድሞ መጻፍ አለበት። ደግሞ እኛ ሺህ ጊዜ አንሸጥም፤ በዓመት ጥቂት ጊዜ ነው። ጎበዝ ፖከር ተጫዋች እንኳ ጥሩ ካርታ ይወጣልኛል ብሎ ካፒታሉን ሁሉ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይዞ አይቀመጥም። እየከፋፈሉ መቁረጥ የሚመከረው ለዚህ ነው።

ዩኒየኖች በተለይ፦ በቆረጣችሁበት ቀን የኒውዮርኩን ዋጋ፣ ዲፈረንሻሉን፣ ከእሸት እስከ ጂቡቲ ያለውን ወጪ፣ ወደ ላይም ወደ ታችም የገመታችሁትን ቃለ ጉባኤ ላይ አስፍሩ። ግምገማ ሲመጣ መጀመሪያ ያ ገጽ ይነበብ።

የዛሬው የኒውዮርክ መዝጊያ ማታ ይለጠፋል።