ካዝናው የማይጎርሰው አረር

ባለፈው ሰሞን ከአንድ ባልንጀራችን ጋር ሻይ ስንጠጣ ወሬው ከዚህም ከዚያም ሲል ቆይቶ ስለ ዒላማ ተኩስ ሆነ። ባልንጀራችን የሒሳብ ሰው ነውና ነገር ሁሉ በቁጥር ካልተገለጠለት አይረካም። «ከባድ አረር ነፋስን ከቀላሉ ይልቅ የሚቋቋም ከሆነ፣ ሩቅ የሚተኩስ ሰው ሁሉ ከባዱን ገዝቶ ለምን አይገላገልም? ምርጫ የሚባለው ነገር ከየት መጣ?» ሲል ጠየቀን። እኛም መልሱን በሁለት ቃል ልንጨርሰው አስበን ብንጀምር ሦስተኛው ሻይ መጥቶ እንኳ ሳናበቃ ቀረን። ስለዚህ የቀረውን ለዛሬው ገጻችን አሳደርነው።

አስቀድመን በቃላቱ እንስማማ። በተለምዶ ጥይት የምንለው ሙሉውን ነው፤ ቀለሃውን፣ በውስጡ ያለውን ባሩድና ከአፉ ላይ የተተከለውን አረር አንድ ላይ። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አረሩ ብቻ ነው፤ ይኸውም ከእርሳስ ተሠርቶ መዳብ የለበሰው፣ ተኩሱ ከተሰማ በኋላ ብቻውን እስከ ዒላማው የሚጓዘው ክፍል ነው። የሚመዘነውም ግሬን በሚባል ጥቃቅን ሚዛን ሲሆን፣ 77 ግሬን ማለት 5 ግራም ያህል ነው።

ነገሩ ጎልቶ የሚታየው በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ክፍለ ግዛት፣ በኢሪ ሐይቅ ዳር በሚገኘው በካምፕ ፔሪ ነው። ይህ ስፍራ ከ1907 ጀምሮ (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን) የአገሩ ብሔራዊ የተኩስ ውድድር ዋና መናገሻ ሆኖ ኖሯል። ተኳሾቹ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዙረው ይተኩሳሉ፤ ሐይቁም ነፋስ አያጣም። ከውድድሮቹም አንዱ የወታደር ጠመንጃ ወይም እርሱን የመሰለ የሲቪል ጠመንጃ የሚያዝበት ነው። ተወዳዳሪው በመጀመሪያ ከ200 ያርድ ቆሞ በዝግታ 10 ጥይት ይተኩሳል። ቀጥሎ ከዚያው ርቀት ተቀምጦ በ60 ሴኮንድ 10፣ ከ300 ያርድ ደግሞ በደረቱ ተኝቶ በ70 ሴኮንድ 10 ይተኩሳል። በመጨረሻም ወደ 600 ያርድ ያፈገፍጋል፤ ይህም 550 ሜትር ያህል ነው። እዚያ በደረቱ ተኝቶ፣ ነፋሱን እያጠና፣ በ20 ደቂቃ 20 ጥይት ይተኩሳል። ድምሩ 50 ጥይት፣ ሙሉ ነጥቡም 500 ነው።

አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። በፍጥነት በሚተኮሰው ክፍል ተኳሹ ጥይቱን ከካዝናው ማጉረስ ግድ ይሆንበታል፤ እንዲያውም መሐል ላይ ካዝናውን አውጥቶ ሌላ መተካት አለበት። በ600 ያርድ ግን ጊዜው ሰፊ ነውና ጥይቱን አንድ በአንድ በእጁ ማጉረስ ይችላል። የአረር ምርጫ ጭንቀት ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ልዩነት ነው።

እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በዚህ ውድድር የነገሡት ትልልቆቹ ኤም 1 እና ኤም 14 ነበሩ። ትንሿ ኤም 16 እና የሲቪል እኅቷ ኤአር 15 ለሩቅ ዒላማ የሚሆኑ አልመሰሉም ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን መደቡን ሁሉ ወረሱት። ያበቃቸውም ከሁሉ በፊት አረሩና የአፈሙዙ ጥምዝ ነው።

የዚህች ጠመንጃ አረር ውፍረቱ 5.7 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ አፈሙዙ የተቀረጸው በዚያ ልክ ስለሆነ ማንም ሊያወፍረው አይችልም። እንግዲህ ክብደት መጨመር የፈለገ ሰው የሚጨምረው ርዝመት ነው። የባልንጀራችን ጥያቄ እዚህ ላይ ይሰናከላል። እርሱ «ከባድ» ሲል ክብደትን ብቻ አሰበ፤ ጠመንጃው ግን «ረጅም» ብሎ ይሰማዋል። ረጅም አረር አየሩን በቀላሉ ይሰነጥቃል፣ ፍጥነቱንም ቶሎ አይጥልም። ነገር ግን ጠመንጃው ውስጥ ገብቶ እስኪወጣ ድረስ ሁለት በሮችን ማለፍ አለበት።

አንደኛው በር ጥምዙ ነው። አረር ጫፉን አስቀድሞ የሚሄደው ስለሚሾር ነው። የእናቶቻችንን እንዝርት ያየ ሰው ይህን ለመረዳት የፊዚክስ መምህር አያስፈልገውም፤ በኃይል ሲሾር ቀጥ ይላል፣ ሲደክም ይወላገዳል። አረርም ርዝመቱ በጨመረ መጠን የሚያስፈልገው ሽክርክሪት ይጨምራል። የመጀመሪያዎቹ የዚህች ጠመንጃ አፈሙዞች ጥምዛቸው በ14 ኢንች አንድ ዙር ነበር። በብርድ አገር ሲሞከሩ ግን ብርድ አየሩን ያወፍረዋልና አረሩ አልረጋ አለ፤ ስለዚህ በ1963 ወደ 12 ኢንች ተጠበቀ። ያም ቢሆን የሚበቃው ለ55 ግሬኑ አጭር አረር ነበር። በ1980ዎቹ የመጣው ኤም 16 ኤ 2 ግን በ7 ኢንች አንድ ዙር ይጠመዘዛል። በዚህ ጥምዝ የሚወጣ 77 ግሬን አረር በደቂቃ 280 ሺህ ጊዜ ያህል ይሾራል። ዛሬ ለ69 ግሬን አረር የ9 ኢንች፣ ለ77 እና ለ80 ግሬን ደግሞ የ8 ኢንች ወይም ከዚያ የጠበቀ ጥምዝ ይፈለጋል። ይህን ሳይጠይቅ አረር የገዛ ሰው ስሕተቱን የሚያነበው ከዒላማው ወረቀት ላይ ነው፤ በክብ ቀዳዳ ፈንታ፣ በጎኑ የመታ አረር የሚተወውን ሞላላ ቀዳዳ ያገኛል።

(እግረ መንገዳችንን እንበልና፣ በአዲስ አበባ ከፍታ ያለው አየር ከባሕር ወለሉ አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ያው አረር እዚህ ቢተኮስ ከካምፕ ፔሪ ይልቅ የረጋ ይሆናል፤ ነፋስም እንደዚያ አይገፋውም። ከዚያ ተነሥቶ የመጣ ሠንጠረዥ ለደጋው ሰው እንዳለ አይሠራለትም።)

ሁለተኛው በር ካዝናው ነው፤ ይህኛው ደግሞ ከጥምዙ ይልቅ ድርቅ ያለ ነው። የካዝናው ውስጥ ለውስጥ ርዝመት ከ57 ሚሊ ሜትር ጥቂት ቢያልፍ ነው። 77 ግሬኑ አረር በቀለሃው ላይ ተተክሎ በዚህ ልክ ይገባል። 80 ግሬኑ ግን በሚገባው ርዝመት ሲተከል ጥይቱ 60 ሚሊ ሜትርን ያልፍና ካዝናው አልጎርስም ይላል። አንዳንድ ጀማሪ በዚህ ጊዜ መላ ያገኘ ይመስለዋል፤ አረሩን ወደ ታች ገፍቶ ቀለሃው ውስጥ ያሰምጠዋል። ይህን የምንጽፈው ማንም እንዳይሞክረው ነው። የሰመጠው አረር የባሩዱን ቦታ ይሻማል፤ ቦታ ሲጠብ የባሩዱ ግፊት ይጨምራል፤ የበዛ ግፊት ደግሞ ቀለሃውን ሊቀድ፣ ጠመንጃውን ሊሰብር፣ ተኳሹንም ሊጎዳ ይችላል። ከዚህም ሌላ የአረሩ ሹል ክፍል ወደ ቀለሃው አፍ ስለሚወርድ አንገቱ አጥብቆ የሚይዘው ቀጥ ያለ ጎን ያጣል።

ክብደትም ብቻውን አይናገርም። የሆርናዲን አረሮች ብንወስድ፣ ባለ ጉድጓድ ጫፉ 75 ግሬን ካዝናው ውስጥ ሲገባ፣ በሚዛን ከእርሱ የማይለየው ሹሉ 75 ግሬን ኤ ማክስ ግን አይገባም፤ አፍንጫው ረጅም ነውና። ስለ ጉድጓዱም ብዙ ሰው ይሳሳታል። በዒላማ አረር ጫፍ ላይ ያለችው ቀዳዳ አረሩ ሥጋ ውስጥ እንዲበተን ታስባ የተሠራች አይደለችም። የመዳቡ ልብስ ከግርጌ ጀምሮ ወደ ላይ ስለሚሳብ መጨረሻው የሚዘጋው በጫፉ በኩል ነው፤ እንዲህ ሲሆን ለትክክለኛነት ዋና የሆነው ግርጌው እኩል ሆኖ ይወጣል።

አሁን ወደ ነፋሱ እንምጣ፤ ባልንጀራችንም ጆሮውን ያቀናው እዚህ ላይ ነበር። በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነፋስ ከጎን ቢነፍስ፣ 77 ግሬኑን አረር በ600 ያርድ ላይ ከአንድ ሜትር ብዙም ላልራቀ ያህል ይገፋዋል። 80 ግሬኑን ደግሞ 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይገፋዋል። «ይህማ ምን ያስጨንቃል? ሁለቱንም በማነጣጠሪያው ማረም ይቻላል» አለን። እውነት ነው፤ ነፋሱን በትክክል ላነበበ ሰው ይቻላል። ጣጣው ነፋስን በትክክል የሚያነብ ሰው አለመኖሩ ነው። የ600 ያርዱ ዒላማ ባለ 10 ነጥቡ ክብ ወርዱ 30 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከመካከሉ እስከ ዳሩ 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ። ተኳሹ ነፋሱን በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ብቻ አሳስቶ ቢገምት፣ 77 ግሬኑ ከክቡ ጥቂት ሲወጣ 80 ግሬኑ ዳሩን ታክኮ ያርፋል። በአንድ ጥይት አንድ ነጥብ ማለት ነው፤ በ20 ጥይት ደግሞ ሜዳልያ ያለውንና የሌለውን ሰው ሊለይ ይችላል።

ስለዚህ ልምድ ያላቸው ተኳሾች ሁለት ዓይነት ጥይት ይዘው ይመጣሉ። በ200 እና በ300 ያርድ በካዝና የሚገባውን 77፣ አንዳንዶችም 69 ወይም ከዚያ የቀለለውን ይተኩሳሉ፤ እዚያ ነፋሱ ገና ጉልበት አላገኘም። በ600 ሲደርሱ 80 ግሬኑን አንድ በአንድ በእጃቸው ያጎርሳሉ። ሌሎች ደግሞ 77 ግሬኑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይዘው ይዘልቃሉ። የማነጣጠሪያው ቁጥር አንድ ሆኖ ይጸናላቸዋል፤ ጥይት ማደባለቅም የለ። የእኛን አሳብ ለሚጠይቅ፣ ለጀማሪ የምንመርጥለት ይህን ሁለተኛውን ነው። ነፋስ ማንበብ ገና ያልተማረ ሰው ያቺን የአንድ ነጥብ ብልጫ ከአረሩ አያገኛትም። ለሁለተኛው ዓይነት አረር የሚያወጣውን ገንዘብ ለልምምድ ጥይት ቢያደርገው ይሻለዋል።

ርቀቱ ሲለወጥ ፍርዱ እንደሚለወጥም የሚያሳይ አንድ ነገር እናክል። ሲዬራ የተባለው ፋብሪካ ለ.30 ካሊበር ጠመንጃዎች የሠራው 168 ግሬን አረር ስሙ የገነነ ነው። የተሠራው ለ300 ሜትር ዓለም አቀፍ ውድድር ነበር፤ እስከ 600 ያርድም ያኮራል። በ1000 ያርድ ግን ፍጥነቱ ወደ ድምፅ ፍጥነት ሲወርድ የጅራቱ አቀራረጽ አያረጋውምና መወላገድ ይጀምራል። የአሜሪካ ጦር ለረጅም ርቀት ሲፈልግ ጅራቱ በዝግታ የሚሾለውን 175 ግሬን አረር መረጠ። የሁለቱ ልዩነት 7 ግሬን ነው፤ ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም።

ባልንጀራችን ይህን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ፣ «ታዲያ ካዝናውን ለምን አያስረዝሙትም?» አለን። የካዝናው መግቢያ ከጠመንጃው አካል ጋር አብሮ የተሠራ ስለሆነ ካዝናውን ማስረዘም ጠመንጃውን እንደ አዲስ መሥራት ይሆናል። ሌሎች ሰዎች ግን ነገሩን ገልብጠው አይተውታል። ካዝናውን በነበረበት ትተው ቀለሃውን አሳጠሩት፤ ለረጅም አረር ቦታ የተገኘው ከዚያ ነው። በ2003 የወጣው 6.5 ግሬንደልና በ2020 ሆርናዲ ያወጣው 6 ሚሊ ሜትር ኤአርሲ በዚህ አሳብ የተሠሩ ናቸው። ሁለቱም በወታደር ጠመንጃው መደብ አይገቡም፤ ደንቡ ለዚህች ጠመንጃ የሚፈቅደው የቀድሞውን 5.56 ብቻ ነው።

«ቀለሃውን አሳጠሩት!» አለ ባልንጀራችን፤ ሒሳቡንም እርሱ ከፈለ።