“ሆስቲንጉን እኔ ልቻላችሁ፣ ማስታወቂያዬን ለጥፉልኝ” ሲሏችሁ

ሰሞኑን ከመርሳ አንድ ልጅ ኢንቦክስ ጻፈልን። የሰፈር እግር ኳስ ውድድር ውጤትና የገበያ ዋጋ የሚለጥፍበት ፔጅ አለው። ተከታዮቹ አብዛኞቹ ሀብሩ ውስጥ ያሉ ናቸው፤ የቀሩት ደግሞ ከዚያ ወጥተው አዲስ አበባና ዓረብ አገር የሚሠሩ። ጥያቄው ይቺ ናት፦ “ዌብሳይት መክፈት እፈልጋለሁ፣ ለሆስቲንግ የምከፍለው ግን የለኝም። የሚከፍልልኝ ሰው ባገኝና በምትኩ ማስታወቂያውን ብለጥፍለት ይሆናል? ምን ብዬስ ነው የምጠይቀው?”

“ይሆናል” ብለን መለስንለት። ትንሽ ቆይተን ግን መልሳችን አላረካንም። እኛም በዚሁ መንገድ ሄደን ወድቀን እናውቃለን። ወልድያም ውስጥ ይህንኑ የሚያስቡ ልጆች ስላሉ እዚሁ ሰፋ አድርገን እንጻፈው።

መጀመሪያ፣ ፔጅ እያለ ዌብሳይት ምን ያደርጋል? የካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገሪቱ ሲዘጉ ነገሩ ለአምስት ወር ገደማ ነው የቆየው። ቪፒኤን የሌለው ሰው አይገባም። ፔጅ ብቻ የነበረው ሁሉ በአንድ ቀን ሱቁ ተቆለፈበት፣ ተራ ዌብሳይት ግን ይከፈት ነበር። እውነቱን እንናገር ካልን ዌብሳይትም ሁሉን አያድንም። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔቱ ራሱ ሲቋረጥ፣ እዚህ ለነበርነው ፔጁም ዌብሳይቱም አንድ ሆነብን። ያኔ ዌብሳይት የሚጠቅመው ውጭ ላለው አንባቢ ነው። ደግሞ የፍለጋ ነገር አለ። አምና የለጠፋችሁትን ፖስት ዛሬ ወደ ታች እያንሸራተታችሁ ፈልጉት እስቲ። ዌብሳይት ላይ ያለ ጽሑፍ ግን ጉግል ላይ ሲፈለግ ከዓመት በኋላም ይገኛል።

አሁን ወደ ወጪው። ሰዎች “ዌብሳይት” ሲሉ ሁለት ነገር ይቀላቅላሉ። አንዱ ዶሜይን ነው፤ ስሙ፣ ሰው ስልኩ ላይ የሚጽፈው አድራሻ። ሁለተኛው ሆስቲንግ ነው፤ ጽሑፉና ፎቶው የሚቀመጥበት፣ ቀንም ሌትም የማይጠፋ ሰርቨር የሚባል ኮምፒውተር ላይ የምትከራዩት ቦታ። ዶሜይን የቤቱ አድራሻ ነው፣ ሆስቲንግ የኪራይ ቤቱ። ቤት ብትቀይሩ አድራሻውን ይዛችሁ መሄድ ትችላላችሁ። አድራሻው ከጠፋ ግን ቤቱ ቢኖርም የሚያገኘው ሰው የለም። ይቺን ልዩነት ያዟት፣ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

ዋጋው በዶላር ነው የሚታሰበው፣ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የ“ዶት ኮም” ስም የጅምላ ዋጋ በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. በዓመት 10 ዶላር ከ26 ሳንቲም ገብቶ ነበር፤ ቸርቻሪው ትርፉን ይጨምርበታል። ትንሽ ሆስቲንግ ደግሞ በወር 5 ዶላር ነው እንበል፣ በዓመት 60 ዶላር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ስለነበር 60 ዶላር 3,420 ብር ነበር። የፈረንጆቹ 2024 ሳያልቅ ዶላር 120 ብርን አለፈ። ያው 60 ዶላር 7,200 ብር ገባ ማለት ነው፤ አገልግሎቱ አንድም ነገር ሳይጨመርበት። በዚያ ላይ ለውጭ ድርጅት የሚከፈልበት ካርድ ብዙዎቻችን የለንም። በብር የሚያስከፍሉ የአገር ውስጥ ሆስቲንግ ሻጮች አሉ፣ ኢትዮ ቴሌኮምም ይሸጣል፤ “ዶት ኢቲ” የሚለውን የአገራችንን ዶሜይን የሚያስተዳድረውም እሱ ነው። ከውጭ ከመግዛታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ።

እንግዲህ ብሩ የለም። ስፖንሰር ይፈለጋል። ነገሩ አዲስ አይደለም፣ የቀበሌ ውድድር ያየ ሁሉ ያውቀዋል፦ አንድ ባለሱቅ ማልያ ይገዛል፣ ልጆቹ ጀርባቸው ላይ የሱቁን ስም ለብሰው ይጫወታሉ። ሁለቱም ተጠቀሙ።

ብዙ ልጆች ታዲያ በቀጥታ ለሆስቲንግ ድርጅቶች ነው የሚጽፉት፦ “በነፃ ስጡን፣ ባነራችሁን እንለጥፋለን”። መጠየቅ ነውር የለውም። አንድ ሰርቨር ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ትንንሽ ዌብሳይቶች ስለሚቀመጡ የእናንተን መጨመር ለድርጅቱ ብዙ ወጪ አይደለም። ግን ራሳችሁን በእሱ ቦታ አስቀምጡ። ሆስቲንግ ሻጭ የሚፈልገው ደንበኛ ዌብሳይት ሊከፍት ያሰበ ሰው ነው። ከመርሳ ውጤት ሊያይ የገባው አንባቢ ነገ ሆስቲንግ ይገዛል? አይገዛም። ስልክ ያስጠግናል፣ ጫማ ይገዛል፣ ወንድሙን ኮሌጅ ያስመዘግባል፣ ለቤት ሥራ ቆርቆሮ ያማርጣል። ስለዚህ የእናንተ ማስታወቂያ ቦታ ዋጋ የሚያወጣው ለሞባይል ጠጋኙ፣ ለኮሌጁ፣ ለግንባታ ዕቃ ሻጩ ነው። ከእነሱ ብሩን ወስዳችሁ ሆስቲንጉን ራሳችሁ ግዙ። መንገዱ በአንድ ሰው ይረዝማል እንጂ የሚያዋጣው ይሄኛው ነው።

ስንት ይጠየቃል? ከላይ ባልነው ስሌት 7,200 ብር ለ12 ወር ሲካፈል በወር 600 ብር ነው። ለአንድ ደህና ሱቅ ይሄ ከባድ ወጪ አይደለም። ስለዚህ በ600 ብር ገጹን በሙሉ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ለአንድ ሰው አትስጡ። አንድ ቦታ፣ ለተወሰነ ጊዜ። ለሌላ ባለሱቅ የምትሸጡት ይቅር።

ማልያና ሆስቲንግ ግን አንድ ላይ የማይሄዱበት ቦታ አለ። ማልያ የገዛላችሁ ሰው ቢኮርፍ ማልያው ገላችሁ ላይ ነው። ሆስቲንግ የያዘላችሁ ሰው ሲኮርፍ ቁልፉ እሱ ጋ ነው። ይሄን ዓለምም ተምሮበታል። በ1994 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ጂኦሲቲስ የሚባል ድርጅት ለማንኛውም ሰው ነፃ ዌብሳይት ይሰጥ ነበር፣ በምትኩ ገጾቹ ላይ ማስታወቂያ ያሳያል። ሚሊዮኖች ገቡ። በ1999 ያሁ ገዛውና “እዚህ ያስቀመጣችሁትን እንደፈለግን የመጠቀም መብት አለን” የሚል ውል አወጣ። ሰዉ ሲነሳበት ውሉን አለዘበ። ጥቅምት 26 ቀን 2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጭራሹን ዘጋው። በጎ ፈቃደኞች ተሯሩጠው የቻሉትን ገለበጡ፣ የቀረው ጠፋ። እኛም አገር የሚመስል ነገር ነበር፦ በ1998 ዓ.ም. ብሎግስፖት ኢትዮጵያ ውስጥ ሲዘጋ በዚያ አድራሻ ስር የነበረ ሁሉ፣ ምንም ይጻፍ ምን፣ አብሮ ተዘጋ። በሰው ስም ጥላ ስር የተቀመጠ የባለስሙ ዕጣ ይደርሰዋል።

የእኛ ታሪክ ትንሽ ናት። ወልድያ ውስጥ የግንባታ ዕቃ የሚሸጥ ሰው፣ ጋሼ እያልን የምንጠራው፣ የአንድ ዓመት ሆስቲንግና ዶሜይን ከፈለልን። ደስታችን ልክ አልነበረውም። ካርድ ያለው የእሱ ዘመድ ስለነበር ሁሉም ነገር በዘመዱ ኢሜይል ተመዘገበ። ማን ኢሜይል ያያል? እኛ ለመጻፍ ቸኩለናል። ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ ሱቃቸውን እንደገና ስለከፈቱ ነጋዴዎች ተከታታይ ሠራን፣ ሰዎች ከጅዳ ሳይቀር እየደወሉ አመሰገኑን።

ከወራት በኋላ የሲሚንቶና የቆርቆሮ ዋጋ በየሱቁ እየዞርን ጽፈን በሰንጠረዥ አወጣን። የጋሼ ሱቅ ከሁሉ ውድ ሆኖ ተገኘ። ማታውን ደወለ፦ “እኔ በምከራይላችሁ ቤት ቁጭ ብላችሁ እኔኑ ታሙኛላችሁ?” አናነሳም አልን፣ እሱም አልተሳደበም። በእርግጥ የተጎዳም ነበር፣ አሁን ስናስበው። ዓመቱ ሲሞላ ግን አላደሰልንም። የማሳሰቢያው መልእክት ሁሉ የሚሄደው ወደ ዘመድየው ኢሜይል ስለነበር ስሙ ጊዜው እንዳለፈ ያወቅነው አንባቢ “አይከፍትም” ሲለን ነው። የዶት ኮም ስም ካለፈበት በኋላ መልሶ የማግኛ ጊዜ አለው፤ ሻጩ ስሙን ከሰረዘው በኋላ እንኳን ተጨማሪ ክፍያ ተከፍሎ የሚመለስበት 30 ቀን አለ። ግን ማመልከት የሚችለው ያስመዘገበው ሰው ነው። እኛ ማን ነን? የሰው ወርቅ አያደምቅ ትል የለ እናቴ፣ ያኔ ገባን። ከነጋዴዎቹ ጽሑፍ ጥቂቱን ያገኘነው ዌይባክ ማሽን ላይ ነው፤ ዌብሳይቶችን እየገለበጠ የሚያስቀምጥ የኢንተርኔት አርካይቭ አገልግሎት ነው፣ በነፃ። አድራሻችሁን እዚያ አስገብታችሁ ገጻችሁን ራሳችሁ ማስቀመጥ ትችላላችሁ። ዛሬውኑ አድርጉት።

ስለዚህ ለመርሳው ልጅ ያልነው ይሄን ነው፦ ሆስቲንጉን ማንም ይክፈልልህ፣ ዶሜይኑን ግን አንተው ክፈል፣ በስምህና በኢሜይልህ። ሁለት ወር የቡና ቆጥበህም ቢሆን። ዲሲ ያለ አጎትህ በካርዱ ቢከፍልልህ እንኳ የሚመዘገበው ኢሜይል ያንተ ይሁን፤ የአጎትህ ካርድ ጊዜው ሲያልፍ እሱ አያስታውስህም። በየሳምንቱ ደግሞ የዌብሳይቱን ኮፒ አውርደህ ፍላሽ ላይ አስቀምጥ። እነዚህ ሁለቱ በእጅህ ካሉ ስፖንሰሩ ቢኮርፍ የምታጣው የኪራይ ቤቱን ብቻ ነው። ሌላ ቤት ተከራይተህ አድራሻውን ታዞራለህ፣ አንባቢህ ላያውቅም ይችላል።

ምን ብሎ ይጠይቅ? እኛ እንዲህ ጽፈን ሰጠነው፣ እናንተም እንደሚስማማችሁ ቀይሩት፦

“ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ? የመርሳን ውጤትና የገበያ ዋጋ የምለጥፈው ልጅ ነኝ። ባለፈው ወር ስንት ሰው እንዳየው ስክሪንሾት ልኬልዎታለሁ። ዌብሳይት ልከፍት ነው። የስድስት ወር ሆስቲንግ 3,600 ብር ቢችሉኝ የሱቅዎን ስም፣ ስልክና ቦታ ለስድስት ወር ከውጤት ሰንጠረዡ ስር አኖራለሁ። ከላዩ ‘ማስታወቂያ’ የሚል ይጻፍበታል። የማወጣውን ዜና የምወስነው ግን እኔ ነኝ። ደረሰኙን አምጥቼ አሳይዎታለሁ።”

የተከታይ ብዛት ሳይሆን ያየው ሰው ብዛት ነው የተጻፈው፤ 20 ሺህ ተከታይ ማለት 20 ሺህ አንባቢ አይደለም፣ ባለሱቁም አንድ ቀን ይነቃል። “የምወስነው እኔ ነኝ” የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ብዙዎች ያፍሩባታል። መጀመሪያ ቀን በትህትና ማለት ይሻላል፣ እኛ በስልክ ማታ ከተናገርነው። ሲስማሙ ደግሞ ያቺኑ በወረቀት አድርጎ ሁለቱም ይፈርሙባት። በቴሌብር የተላከ ብር ከሆነም መልእክቱን አታጥፉት።

የባነሩ ነገር አንድ ቀረ። ባለሱቁ ለኅትመት የተሠራ ትልቅ ፎቶ ይልክላችኋል፣ 2 ሜጋባይት። እንዳለ ከለጠፋችሁት 10 ሺህ ጊዜ ሲከፈት 20 ጊጋባይት ነው። ሆስቲንጋችሁ ገደብ ካለው እዚያው ያልቃል። ከሁሉ በላይ ግን የሚበላው የአንባቢውን ፓኬጅ ነው፤ ውጤት ሊያይ ገብቶ ለጫማ ማስታወቂያ ዳታ ከፈለ ማለት ነው። ስልካችሁ ላይ አሳንሱት፣ 100 ኪሎባይት ይበቃዋል።

ዜና የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 የበይነ መረብ መገናኛ ብዙኃንንም እንደሚመለከት፣ ለማስታወቂያም ለብቻው አዋጅ ቁጥር 759/2004 እንዳለ እወቁ። ሁለቱም በአማርኛ ይገኛሉ፣ ከመክፈታችሁ በፊት አንብቧቸው። እኛ ዘግይተን ነው ያነበብናቸው።

የመርሳው ልጅ ትናንት መልሶ ጽፎልናል። ዶሜይኑን በራሱ ስም አስመዝግቧል። መንገድ ዳር ሞባይል ከሚጠግን ሰውዬ ጋር ለስድስት ወር ተስማምተው ወረቀቱንም ፈርመዋል። ባነሩ ላይ ግን ገና አልተግባቡም። ሰውየው ልጁ የላከለትን መልእክት ረስቶ “ከላይ ይሁንልኝ” ይላል፣ ልጁ ወረቀቷን አውጥቶ “ከሰንጠረዡ ስር” ይላል።