የፍርድ ቤት ውሳኔ በመጽሐፍና በኤሌክትሮኒክ ቅጂ እንዴት እንደሚጠቀስ

ነጋዴ ውል ሲዋዋል፣ ቼክ ሲቀበል ወይም ዕቃ በዱቤ ሲሸጥ፣ ከሕጉ ጋራ የፍርድ ቤትን ውሳኔ ማወቅ እንደሚያስፈልገው የታወቀ ነው። በ1997 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 454 መሠረት፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉትን የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶች የሚያስገድድ ሆኗል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1234ም ይህንኑ አጽንቷል። ስለዚህ ተከራካሪው የጠቀሰው ውሳኔ ተፈልጎ ሳይገኝ ቢቀር፣ ሊረታበት ይችል የነበረውን ማስረጃ በገዛ እጁ እንዳጠፋው ይቆጠራል።

ፍርድ ቤቱ ውሳኔዎቹን ሰብስቦ በቅጽ በቅጽ ያሳትማል። እነዚሁ ውሳኔዎች በኮምፒውተርና በስልክም ይነበባሉ። ይሁን እንጂ ፊደሉ ሲተልቅ ወይም አንዱ ውሳኔ ለብቻው ተነጥሎ ሲገለበጥ የገጹ ቁጥር ይለወጣል። ቅጽና ገጽ ብቻ የሚጽፍ ሰው መጽሐፉን ለያዘው አንባቢ ብቻ ይጠቅማል፤ የድረ ገጹን አድራሻ ብቻ የሚጽፍ ደግሞ አድራሻው በተለወጠ ጊዜ አንባቢውን ባዶ እጁን ያስቀረዋል።

ሌሎች አገሮች ለዚህ ችግር መፍትሔ አግኝተዋል። በእንግሊዝ አገር ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፍርድ ቤቱ ራሱ ለውሳኔው ቁጥር ይሰጣል፤ አንቀጾቹንም በተራ ይቈጥራል። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2023 እ.ኤ.አ. ይህን የመሰለ ሥርዓት ጀምሯል። አሳታሚው ማንም ቢሆን ማን፣ ቁጥሩ አይለወጥም።

በእኛ አገር ለዚህ ሥራ የሚቀርበው የሰበር መዝገብ ቁጥር ነው። ነገር ግን አንዱ ክርክር በመጀመሪያ ደረጃ፣ በይግባኝና በሰበር የተለያየ ቁጥር ስለሚሰጠው፣ «መዝገብ ቁጥር» ብሎ ብቻ መጻፍ ያሳስታል። የሚሻለው በሚከተለው ተራ መጻፍ ነው፦

1ኛ/ የፍርድ ቤቱና የችሎቱ ስም፤
2ኛ/ የሰበር መዝገብ ቁጥር፤
3ኛ/ የተከራካሪዎቹ ስም፤
4ኛ/ ውሳኔው የተሰጠበት ቀን፣ ወርና ዓመት፤
5ኛ/ ከመጽሐፍ ከሆነ ቅጹና ገጹ፤ ከኤሌክትሮኒክ ቅጂ ከሆነ የተገኘበት ስፍራና ቀን።

አንቀጾቹ ያልተቈጠሩ እንደ ሆነ፣ የተፈለገውን ቃል እንዳለ ገልብጦ ማሳየት ይገባል።

ቀኑ በተለይ ሊዘነጋ አይገባውም። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1243 የ1952ቱን የንግድ ሕግ አንደኛ፣ ሁለተኛና አምስተኛ መጽሐፍ ተክቷል። ስለዚህ ከዚያ በፊት ስለ ንግድ ማኅበር የተሰጠ ውሳኔ የሚጠራው የቀድሞውን ሕግ አንቀጽ ነው፤ ስለ ቼክ የሚናገረው ክፍል ግን በ1952ቱ ሕግ እንደ ጸና ነው። ከውጭ አገር ደንበኛ ጋራ የሚጻጻፍ አስመጪና ላኪም ዓመተ ምሕረቱ የኢትዮጵያ ወይም የአውሮፓ መሆኑን ካልገለጸ፣ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ስሕተት ይፈጠራል።

ችሎቱ የቀድሞ ትርጉሙን በኋላ ሊለውጥ ስለሚችል፣ ውሳኔውን ከመጥቀስ አስቀድሞ አዲስ ትርጉም አለመሰጠቱን መመርመር ያስፈልጋል። ደረሰኙን በቁጥርና በቀን ለይቶ የሚያኖር ነጋዴ፣ የሚመካበትንም ውሳኔ እንዲሁ ለይቶ ቢያኖር በክርክር ጊዜ ከብዙ ድካምና ኪሣራ ይድናል።