የሳንቲም መንታነትና አስመሳዩ ጥላ

ቦንጋ ከካፋ ነገሥታት ዘመን ጀምሮ የሩቅ ነጋዴ የሚመጣባት የገበያ ከተማ ስለነበረች፣ ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ በሚሸጥበት ገበያ ከአሞሌው ጨው ጎን ጠገራ ብር የሚባለው የማርያ ቴሬዛ ብር ቦታ አግኝቶ ነበር፤ በ1889 ዓ.ም. ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ካፋን ወግተው ወደ ምኒልክ ግዛት ከቀላቀሉ በኋላም ብሩ መገበያያነቱን ቀጥሏል። 28 ግራም ያህል የሚመዝነው ይህ ብር ምስሏ ያለበት ንግሥት ማርያ ቴሬዛ ካረፈችበት ከ1780 እ.ኤ.አ. ወዲህ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይና በሌሎችም ከተሞች ሲታተም የተጻፈበት ዓመት ምንጊዜም 1780 ስለሆነ፣ ዓመቱን ማንበብ ብሩ መቼና የት እንደተሠራ ለማወቅ አይጠቅምም። በመሆኑም የኢትዮጵያ ገበያተኛ በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን የዕንቁ ጌጥና ከምስሏ ሥር ያሉትን ሁለት የላቲን ፊደላት አተኩሮ እያየ፣ የተፋቀውንና የደበዘዘውን አልቀበልም ማለትን ልማዱ አድርጎ ነበር።

እንዲህ ያለ ትዕግሥተኛ ዓይን ዛሬም የሚያስፈልገው፣ ፊደሉ ወይም ቁጥሩ ተደርቦ የሚታይ ሳንቲም ሁሉ ብርቅ ነው በሚል ተስፋ ተራ ሳንቲም በውድ ዋጋ እንዳይገዛ ነው። ነገሩን ለመረዳት በቅድሚያ የአሠራሩን ሂደት ማወቅ ይገባል። ሳንቲም የሚታተመው ምስሉ ወደ ውስጥ በተቀረጸበት ጠንካራ የብረት ማኅተም ሲሆን፣ ማኅተሙ ራሱ ደግሞ ምስሉ ወደ ውጭ በወጣበት ሌላ ብረት፣ ማለትም በዋናው ቅርጽ፣ በኃይል ተጭኖ ይዘጋጃል። በቀድሞው አሠራር አንድ ግፊት ምስሉን በቂ ጥልቀት ስለማይሰጠው ማኅተሙ በእሳት ለስልሶ እንደገና ይጫን ነበር፤ በሁለተኛው ጊዜ ዋናው ቅርጽ በመጀመሪያው አሻራ ላይ በትክክል ካላረፈ ማኅተሙ ሁለት ምስል ይይዛል፣ ከእርሱ የሚወጣውም ሳንቲም ሁሉ ያንኑ ድርብ ምስል ይዞ ይወጣል። እውነተኛው መንታ ሳንቲም ይህ ነው።

በሰፊው የሚታወቀው ምሳሌ በ1955 እ.ኤ.አ. በፊላደልፊያ የታተመው የአሜሪካ አንድ ሳንቲም ነው፤ ዓመቱና ጽሑፉ በባዶ ዓይን እስኪታይ ድረስ ተደርቦ ከ20 ሺህ በላይ ፍሬ ወደ ገበያ የወጣ ሲሆን፣ ዛሬ በደህና ይዞታ ያለ አንድ ፍሬ ከ1 ሺህ ዶላር በላይ ያወጣል። ይሁንና በዚያው ዓመት ከታተሙት ሌሎች ሳንቲሞች መካከል የመጨረሻው 5 ቁጥር ብቻ ድርብ የሚመስልባቸው አሉ፤ እነዚህ ከአረጀ ማኅተም የወጡ በመሆናቸው ዋጋቸው ከተራው እምብዛም አይበልጥም፣ ሆኖም ልዩነቱን የማያውቅ ገዢ ዘወትር ይታለልባቸዋል።

ልዩነቱ በማጉያ መነጽር ይታያል። በእውነተኛው መንታ ሁለቱም ምስሎች ክብና ሙሉ ሆነው ከፍ ይላሉ፤ ፊደሉ ከወትሮው ይወፍራል፣ ጫፉም ለሁለት ተሰንጥቆ በመካከሉ ቀጭን መስመር ይታያል። ማኅተሙ ላልቶ በኅትመቱ ቅጽበት ሲንሸራተት የሚፈጠረው ጥላ ግን የታተመውን ፊደል ገፍቶ የሚደፈጥጥ ስለሆነ፣ ከፊደሉ ጎን እንደ ደረጃ ዝቅ ያለ፣ ጠፍጣፋና የሚያብረቀርቅ ነገር ይተዋል፤ ፊደሉም በመወፈር ፈንታ ይቀጥናል። ዋናው መለያ ይኸው ነው፤ መንታው ይጨምራል፣ ጥላው ይቀንሳል። ያረጀ ማኅተም የሚተወው ድርብርብነት ደግሞ ጥርት ያለ መስመር የለውም፤ በፊደሎቹ ዙሪያ፣ በተለይም ወደ ጠርዙ፣ እንደ ጉም የተበተነ ነው።

ወደ አገር ቤት ሲመለሱ ጥንቃቄው ይጨምራል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ምስል ያለባቸው የ1936 ዓ.ም. ሳንቲሞች በፊላደልፊያ፣ በለንደንና በበርሚንግሃም እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ በተለያዩ ጊዜያት ሲታተሙ ዓመታቸው አልተለወጠም፤ እንደ ጠገራው ብር ሁሉ የእነዚህም ዕድሜ ከተጻፈው ቁጥር አይታወቅም። ብዙ ማኅተሞችም አገልግለውባቸዋልና በአንድ ሳንቲምና በሌላው መካከል የሚታይ ጥቃቅን የመልክ ልዩነት መንታነት አይደለም። የግእዝ ቁጥሮች ከላይና ከታች የተሰመረባቸው መሆናቸውም ያሳስታል፤ ማኅተሙ ትንሽ ሲንሸራተት መስመሮቹ ሁለት መስለው ሊታዩ ይችላሉ።



ቦንጋ ውስጥም ሆነ ሌላ ቦታ በቤቱ አሮጌ ሳንቲም ያስቀመጠ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ እንዳያጥበውና እንዳይወለውለው ይመከራል፤ መወልወል የፊደሎቹን ጠርዝ አለስልሶ ማስረጃውን ያጠፋል፣ ዋጋውንም ይቀንሳል። ድርብ ምስል ካየም አንድ ዓይነት ሌላ ሳንቲም ፈልጎ ጎን ለጎን ያስተያይ፤ ፊደሉ ከጓደኛው ቀጥኖ ከተገኘ የሚከፈልበት ዋጋ ከተራው ጓደኛው አይበልጥም።