ከዱርቤቴ እስከ አዲስ አበባ፦ ለአንድ ቀን መንገድ ስንት ልብስ?

ታኅሣሥ ላይ ዱርቤቴ መናኸሪያ ገና ሳይነጋ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ታገኙታላችሁ። ያው ሰው ከቀትር በኋላ ዓባይ በረሃ ሲገባ በሸሚዝ ብቻ ቁጭ ብሎ ላቡን ይጠርጋል። አመሻሽ ላይ ሱሉልታ ሜዳ ሲደርስ ደግሞ ጋቢውን ይፈልጋል። ጋቢው ግን አጠገቡ የለም፤ ዓባይ ላይ ሲሞቀው ለረዳቱ ሰጥቶ ፖርቶመጋላ ላይ ከኬሻ ሥር አስገብቶታል።

ጥያቄው ስንት ልብስ እንያዝ የሚለው ብቻ አይደለም። የትኛው በእጅ ይያዝ፣ የትኛው ይጫን፣ መቼ ይውለቅ፣ መቼ ይደረብ የሚለው ይበልጣል። ይህን ለመመለስ መጀመሪያ መንገዱ ለምን እንዲህ እንደሚለዋወጥ፣ ልብስም በምን ዘዴ እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል።

መንገዱን በከፍታው እንየው። ዱርቤቴ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዳንግላ በኩል ወደ እንጅባራ ሲወጣ ከፍታው ከ2,500 ሜትር ያልፋል። ከዚያ በቲሊሊ አድርጎ ወደ ቡሬ ይወረዳል፤ ቡሬ 2,100፣ ፍኖተ ሰላም 1,900 ሜትር ገደማ ናቸው። ደምበጫ ታልፎ ደብረ ማርቆስ ሲደረስ እንደገና 2,400 ይሆናል፤ ደጀንም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ዋናው ነገር የሚመጣው ከደጀን አፋፍ በኋላ ነው። በጃፓን ድጋፍ እስከተሠራው የህዳሴ ድልድይ ድረስ 1,300 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወረዳል፤ ከድልድዩ ማዶ ደግሞ ያንኑ የሚያህል አቀበት ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል።

አየር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀዘቅዛል። «ተራራ ለፀሐይ ይቀርባል፣ ታዲያ ለምን ይበርዳል?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ በየቤቱ አይጠፋም። መልሱ ፀሐይ በዋናነት የምታሞቀው ምድርን መሆኑ ነው፤ አየሩ የሚሞቀው ከምድር ተቀብሎ ነው። ወደ ላይ የሚወጣው አየር ከበላዩ የሚጫነው ስለሚቀንስ ይሰፋል፣ ሲሰፋም ይቀዘቅዛል። እናም ደጀን ላይ 20 ዲግሪ ከሆነ ድልድዩ ዘንድ ወደ 29 ይጠጋል። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሁለት ወቅት ማለፍ ነው።

በዚህ ላይ ሰዓቱ አለ። በክረምት ደመናው ምድር ማታ ማታ የምትለቀውን ሙቀት እየያዘ መልሶ ስለሚልከው ሌሊቱ ከቀኑ ብዙ አይራራቅም። ከኅዳር እስከ ጥር ግን ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ቀን የተቀበልነው ሙቀት ሌሊቱን ሽቅብ ይሄዳል። የቀዘቀዘ አየር ከባድ ስለሆነ ተንሸራቶ ዝቅ ያለው ሜዳ ላይ ይተኛል። ውርጭ ከተዳፋቱ ማሳ ይልቅ የወንዝ ዳሩን ዝቅተኛ መስክ የሚመታው ለዚህ ነው፤ ገበሬው ይህን ቴርሞሜትር ሳያይ ያውቀዋል። ቀን ደግሞ በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ 2,000 ሜትር ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ያንሳል። ፀሐይ ላይ የቆመ ይቃጠላል፣ ዋርካ ጥላ ሥር የተቀመጠ ሹራብ ያምረዋል።

ወደ ልብሱ እንምጣ። ልብስ ከራሱ የሚያመነጨው ሙቀት የለም፤ የሚያሞቀው ለባሹ ነው። ቁጭ ያለ ጎልማሳ ሰው 100 ዋት ገደማ ሙቀት ያወጣል። ስለዚህ 60 መንገደኛ የጫነ አውቶቡስ 6,000 ዋት ማለት ነው፤ ከአንድ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ይበልጣል። የመስኮቱ ጭቅጭቅም ከዚህ ይነሣል።

«እማማ፣ መስኮቷን ትንሽ ልክፈታት?»

«ኧረ ተው ልጄ፣ ንፋሱ ይመታኛል!»

በበኩሌ ሁለቱንም አልፈርድባቸውም። ልጁ የሚፈልገው የስልሳ ሰው ትንፋሽና እርጥበት እንዲወጣ ነው፤ እናትየዋ ደግሞ ንፋሱ በቀጥታ የሚያገኘው እሳቸውን መሆኑን ያውቃሉ። ዳገት ላይ አውቶቡሱ በዝግታ ሲሄድ መክፈት፣ ሜዳ ላይ ሲፈጥን መዝጋት ሁለቱንም ያስታርቃል።

ልብስ የሚሠራው ሥራ ከገላችን የወጣውን ሙቀት ማዘግየት ነው። የሚያዘገየው ደግሞ በጨርቁ ውስጥና በድርቦቹ መካከል የታሰረው የማይንቀሳቀስ አየር ነው እንጂ ክሩ ብቻውን አይደለም። ጋቢን እዩት። አራት ድርብ ነው። ማጉ በእጅ የተፈተለ ሲሆን ክሩ ልል ነው፤ ጣታችሁን ብትጫኑበት ይሰምጣል፣ ስትለቁት ይነሣል። ያ የሚነሣው ነገር አየር ነው። በጋቢ የተጠቀለለ በረዶም ቶሎ አይቀልጥም፤ ጋቢው የሚያግደው የሙቀትን ጉዞ ስለሆነ ከውስጥ ወደ ውጭም ከውጭ ወደ ውስጥም እኩል ያግዳል። ለዓመታት ተተኝቶበት የተረገጠ ጋቢ እንደ አዲሱ የማያሞቀው አየሩ ስላለቀ ነው።

ታዲያ ጋቢ ሁለት ጠላት አለው፤ ንፋስና ውሃ። ሽመናው ሳሳ ያለ በመሆኑ ንፋስ ሰንጥቆት ይገባና የታሰረውን አየር ይዞት ይሄዳል። ከላዩ ስስ ጃኬት፣ ካፖርት፣ ካጡም ላስቲክ ቢደረብበት ግን ያ ጋቢ ሌላ ጋቢ ይሆናል። ውሃው የባሰ ነው። ጥጥ ውሃ ይወዳል፤ ሲጠጣ ክሩ ይተኛል፣ አየሩ በነበረበት ቦታ ውሃ ይገባል። ውሃ ደግሞ ሙቀትን ከአየር 25 ጊዜ ያህል አብልጦ ያስተላልፋል። ይህም አልበቃው ብሎ ለመድረቅ ሲል ከገላችን ተጨማሪ ሙቀት ይወስዳል። እርጥብ ጋቢ ከመልበስ ራቁት መሆን የሚሻልበት ጊዜ አለ ብል ማጋነን አይደለም።

የምዕራብ ጎጃም ገበሬ ይህን ከማንም አልተማረውም። ሐምሌ ላይ ከማሳ ሲመለስ ብታዩት ጋቢውን ለቤት ትቶ ከሣር የተሠራ ገሳ ደርቧል። የገሳው ሣር ሁሉ ወደ ታች ስለሚያዘነብል ዝናቡ በላዩ ተንሸራቶ ይወርዳል፤ ከሥሩ ደግሞ ለአየር ሰፊ ቦታ አለ። ከብት ጠባቂው ልጅ ገሳ ካላገኘ ባዶ የ50 ኪሎ ማዳበሪያ ያነሣል፤ አንዱን የታች ማዕዘን ወደ ውስጥ ገፍቶ ከሌላኛው ማዕዘን ጋር ያጋጥመዋል። በቅጽበት ራስን፣ ጀርባንና ትከሻን የሚሸፍን ቆብ ያለው የዝናብ ልብስ ይሆናል። ፕላስቲክ ነውና ውሃ አይጠጣም፤ ከፊት ክፍት ስለሆነ ደግሞ ላብ አያፍንም። በብዙ ብር የሚሸጥ የዝናብ ጃኬት የሚመካበት ሐሳብ ይኸው ነው።

ቁምጣውም ቀልድ አይደለም። ከሌላ አገር የመጣ ሰው «በዚህ ብርድ እግርህን ገልጠህ?» ይላል። ረጅም ሱሪ ግን ጭቃና ጤዛ ይጠጣል፤ ወንዝ በተሻገሩ ቁጥር ርሶ ቀኑን ሙሉ እግር ላይ ይለጠፋል። ገላ ውሃ አይይዝም፣ ጠረግ ሲያደርጉት ይደርቃል። ኮንጎ ጫማም እንደዚያው ነው፤ ውሃ ይገባዋል፣ ነገር ግን አያስቀረውም። ደረቱ በጥብቆና በጃኬት ከሞቀ፣ እግሩም እየተራመደ ሙቀት ካመነጨ ቁምጣ ለሥራው የተገባ ልብስ ነው። አውቶቡስ ላይ ለሚቀመጥ ሰው ግን አይመከርም፤ የማይንቀሳቀስ እግር ራሱን አያሞቅም።

አላስካ ወይም ኖርዌይ በመርከብ ለመጎብኘት የሚነሡ ሰዎች የሚሰጣቸው ምክርም ከዚህ አይርቅም፦ ከገላ ላብ የሚያነሣ ስስ ልብስ፣ ከላዩ አየር የሚይዝ፣ ከሁሉም በላይ ንፋስና ዝናብ የሚመልስ። ሦስት ስስ ልብስ ከአንድ ወፍራም ካፖርት የሚሻለው በመካከላቸው አየር ስለሚያዝና አንድ በአንድ መቀነስ ስለሚቻል ነው። ካፖርት ለባሹ ምርጫው ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ ማላብ ወይ መንቀጥቀጥ።

ለመንገዳችን ስንመነዝረው እንዲህ ነው። ከገላ የሚለበሰው ካኔቴራ ጥጥ ባይሆን ይመረጣል፤ ጥጥ ከሆነም ቅያሪ በእጅ ይያዝ። ሁለተኛው ሹራብ ነው። ልባሽ ጨርቅ ተራ ሄዳችሁ ቦንዳው ሲፈታ ሱፍ ካገኛችሁ አትልቀቁት። ሱፍ የክብደቱን ሢሶ የሚጠጋ እርጥበት በክሩ ውስጥ ይዞ እንኳ እርጥብ መሆኑ ብዙም አይሰማም፤ የመንዝ ባናና በርኖስ በውርጭ አገር የተከበሩት በከንቱ አይደለም። ሱፍ ከሌለ ያ ለስላሳ ፀጉራም የፖሊስተር ሹራብ ይሁን፤ ረጠብ ቢል ጨምቃችሁ ብታራግፉት ቶሎ ይደርቃል። ሦስተኛው ስስ የንፋስ ጃኬት ነው፣ ኪስ ውስጥ የሚጣጠፍ። ጋቢ አራተኛ ነው፤ ለመቀመጫ፣ ለመከናነቢያ፣ ለማደሪያ። ጋቢን የመሰለ የመንገድ ዕቃ የለም፤ ዘመናዊ ብርድ ልብስ ይሻላል የሚሉኝን አልሰማም። ግን በወፍራም ፌስታል ይጠቅለልና አፉ ይታሰር፣ በእጅ ቦርሳም ይግባ።

ካልሲ ሁለት ይያዝ፤ አንዱ ለመልበስ፣ አንዱ ደረቅ ሆኖ ለማታ። ሻሽ ወይም ቆብ አይረሳ። የሰውነት ሙቀት ግማሹ በራስ ይወጣል የሚባለው ልክ አይደለም፤ ራስ የሚያወጣው እንደ ስፋቱ ነው፣ አንድ አሥረኛ ገደማ። ሌላው አካል ተሸፍኖ ራስ ብቻ ከተገለጠ ግን ብርዱ በዚያ ይገባል።

አሁን ወደ ደጀን እንመለስ፣ ጉዳቱ የሚደርሰው እዚያ ነውና። ብዙ ሰው ሹራቡን የሚያወልቀው ድልድዩ ዘንድ ደርሶ ላብ በላብ ከሆነ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ካኔቴራው ርሷል። አውቶቡሱ አቀበቱን ጨርሶ ጎሐ ጽዮን ላይ የደጋው ንፋስ ሲቀበለው ያ እርጥበት መድረቅ ይጀምርና ከገላው ሙቀት ይመዛል። «ዓባይን ተሻግሬ ጉንፋን ያዘኝ» ይላል። ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ ከአጠገቡ ሲያስል ከዋለው ሰው ሳይጋባበት አልቀረም። መንቀጥቀጡ ግን የላቡ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ደጀን ላይ ገና ብርድ ሳለ ሹራቡን አውልቁ። ጥቂት ደቂቃ ቢበርዳችሁ ቁልቁለቱ ይክሳችኋል። ከድልድዩ በኋላም አቀበቱ ሳይጋመስ መልሳችሁ ልበሱ፤ ካኔቴራው ከረጠበ ጎሐ ጽዮን ስትወርዱ ቀይሩት። ሳያልብ ማውለቅ፣ ሳይበርድ መልበስ። ወላጆች ልጆቻቸውን ከዱርቤቴ ጀምሮ ሸፋፍነው በረሃውን ሲያሳልፉ አያለሁ፤ ልጅ ሲሞቀው በግልጽ አይናገርምና አንገቱን ከኋላ ዳስሱት፣ እርጥብ ከሆነ አንድ ቀንሱለት።

መንገዱ በተቃራኒው ወደ ባሕር ዳር ከሆነና ጣና ላይ ጀልባ የሚያዝ ከሆነ ስሌቱ ትንሽ ይለወጣል። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ባሕር ዳርም ሞቃት ከተማ ናት፤ ሰው በሸሚዝ ጀልባ ላይ ይወጣል። ጠዋት ሐይቁ ጸጥ ይላል። ፀሐይ ከፍ ስትል ግን ምድሩ ከውሃው ፈጥኖ ይሞቃል፤ በየብሱ ላይ ያለው አየር ሽቅብ ሲነሣ ከሐይቁ ቀዝቃዛ አየር ሊተካው ይመጣል። ከሰዓት በኋላ ማዕበል የሚነሣውና ጀልባ ነጂዎች ወደ ገዳማቱ በጠዋት መውጣት የሚመርጡት ለዚህ ነው። በዚህ ላይ የጀልባው ፍጥነት ሌላ ንፋስ ይፈጥራል፣ የሚረጨው ውሃም ሸሚዝ ያርሳል። ወደ ጎርጎራ ረጅሙን መንገድ የሚሄድ ሰው የንፋስ ጃኬቱን ገና ወደብ ላይ ሳለ ይልበስ።

ጋቢውን ግን በፌስታሉ እንደታሰረ ይተወው። የሕይወት ማዳኛ ጃኬቱ ከሁሉም በላይ ሆኖ ማሰሪያው ሁሉ ይቆለፍ፤ ጋቢ ከላዩ አይደረብ፣ ከሥሩም አይጠቅለል። ውሃ የጠጣ ጋቢ ክንድ ያስራል፤ ሐይቅ ላይ ክንዳችሁ ነፃ ይሁን።